የእንጨቱ ልጅ ለምን አቀረቀረ?

በዚህ ሳምንት ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ እንጨዋወታለን። አይዟችሁ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። የምንነጋገረው ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስለምታውቋቸው ስለ ሚኪ ማውስ፣ ስለ ዶናልድ ዳክ እና ስለ ፒኖኪዮ ነው። እንደ ወትሮው ጠንከር ያለ ቃል ሲመጣ ትርጉሙን እዚያው እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሬዬን ከአውሮፕላን ማረፊያ ልጀምር።

ባለፈው ክረምት የ12 ዓመት ልጄን ይዤ እናቴን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ዶሃ ላይ አውሮፕላን ቀየርን። የሚቀጥለው በረራችን ገና ብዙ ሰዓት ይቀረው ነበር። በዶሃ በኩል ወደ አገር ቤት የሄዳችሁ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። በሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንድ ግዙፍ የእንጨት ልጅ ቆሟል። ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ትከሻው ወርዷል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ደፍቷል። በዐይኖቹ ቦታ ሁለት የኤክስ ምልክቶች አሉ።

ልጄ ወደ ላይ አንጋጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እማዬ፣ ፒኖኪዮ ይመስላል። ግን ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ደክሞት ይሆናል። እሱም እንደ እኛ አውሮፕላን እየጠበቀ ነው» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ስለ ቅርጹ የተጻፈውን ፈልጋ አነበበች። «ስሙ “ትንሽ ውሸት” ነው» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንደዚያ ጉንፋን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ የትኛው ጉንፋን እንደምታወራ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀዶ ሕክምና አድርጌ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል፣ «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ ድምፄ የተዘጋው ለዚያ ነው» አልኳት። ልጄንም፣ «እማማ እንዳትጨነቅ፣ አንቺም እንደዚያ በያት» አልኳት። እሷም እንዳልኳት አደረገች። እኔ ነገሩን ረስቼው ነበር። እሷ ግን አልረሳችውም።

ወደዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። የማይናገር የእንጨት ቅርጽ ይህን ሁሉ ከልጄ ልብ ውስጥ እንዴት አወጣው?

ፖፕ አርት ምንድን ነው?

ያ የእንጨት ልጅ ፖፕ አርት ከሚባለው የሥነ ጥበብ ዓይነት የተወለደ ነው። «ፖፕ» የሚለው ስም «ፖፒዩላር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀና የተወደደ ማለት ነው። ፖፕ አርት በ1950ዎቹ በብሪታንያ ተጀመረ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ገነነ። ሠዓሊዎቹ ነገሥታትንና ጦርነቶችን ከመሣል ይልቅ በየሱቁና በየመንገዱ የሚታየውን ነገር ሣሉ። የሾርባ ቆርቆሮ፣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ የፊልም ተዋናይ ፎቶ እና የካርቱን ገጸ ባሕርያት በትልልቅ ሸራዎች ላይ ታዩ። ገጸ ባሕርይ ማለት በታሪክ፣ በፊልም ወይም በድራማ ውስጥ ያለ ሰው ወይም ፍጡር ማለት ነው።

ለምን ካርቱን መረጡ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ሚኪ ማውስ በፊልም ታዋቂ የሆነው በ1928 ነው፤ ዶናልድ ዳክ ደግሞ በ1934 መጣ። በ1960ዎቹ እነሱን የማያውቅ አሜሪካዊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሠዓሊው ማንነታቸውን ማስረዳት አያስፈልገውም። እናንተም ሚኪን ስታዩ ማን እንደሆነና ጠባዩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የምናውቀው ሰው ላይ ትንሽ ለውጥ ከመጣ ቶሎ ይታየናል። ሁልጊዜ ነጭ ነጠላ የሚለብሱ የጎረቤት እናት አንድ ቀን ጥቁር ለብሰው ቢመጡ ማንም ሳይነግራችሁ ልባችሁ ይደነግጣል። «ማን ሞተ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ጥቁሩ ልብስ ተናግሯል። እንዲህ ያለ፣ ሌላ ነገርን ወክሎ የሚቆም ምልክት ተምሳሌት ይባላል። ሚኪም እንደ ጎረቤት ነው። ልብሱ፣ ዐይኑ ወይም አቋሙ ከተለወጠ «ምን ሆነ?» እንላለን። ሠዓሊው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

እኔ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳይ ሦስት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ። ከገጸ ባሕርዩ ምን ቀረ? ምን ተለወጠ? የት ተቀመጠ?

በአማርኛ ግጥም ውስጥ «ሰምና ወርቅ» የሚባል ነገር እንዳለ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ወርቅ ሠሪ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ከዚያ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ግጥም ላይ ሰሙ በቀጥታ የምንሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቁ የተደበቀው ትርጉም ነው። ሁለቱን ትርጉም በአንድ ላይ የያዘው ቃል ደግሞ ኅብረ ቃል ይባላል። ቅኔ የሚፈታ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ቃል ነው።

በእነዚህ ሥዕሎችም የምናውቀው ካርቱን ሰሙ ነው። የተለወጠው ነገር እንደ ኅብረ ቃሉ ነው። እሱን ካገኘን ወርቁን መፈለግ እንችላለን። እስቲ በአራት ሥራዎች እንሞክረው።

ራሱን ያጠመደው ዳክዬ

በ1961 ሮይ ሊክተንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ «ሚኪ፣ ተመልከት» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ሰጥቶ አንድ ሥዕል ሣለ። ምስሉን የወሰደው በ1960 ከታተመ የልጆች መጽሐፍ ነው። ሥዕሉ የዋሽንግተን ዲሲው ናሽናል ጋለሪ ኦቭ አርት ንብረት ነው። በዚያ ከተማ አካባቢ ብዙ አንባቢዎቻችን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው፤ ሥዕሉ ለእይታ መቅረቡን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዶናልድ ውኃ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል። ዘንጉ ስለከበደው ትልቅ ዓሣ የያዘ መስሎታል፤ በጣም ተደስቷል። ነገር ግን መንጠቆው የያዘው ከኋላ የራሱን ልብስ ነው። መንጠቆ ማለት ዓሣ የሚያዝበት ጫፉ የታጠፈ ብረት ነው። ሚኪ ከኋላው ቆሞ ሳቁ እንዳያመልጠው በጓንቱ አፉን ይዟል።

ምን ቀረ? ገጸ ባሕርያቱና ቀልዱ። ምን ተለወጠ? አንደኛ መጠኑ። ከትንሽ የመጽሐፍ ገጽ ተነሥቶ ወደ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ75 አድጓል። ሁለተኛ ቀለሙ። ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ጎልተው ይታያሉ። ሦስተኛ የሚኪ ፊት በትንንሽ ነጠብጣቦች ተሞልቷል። የዚያን ዘመን ርካሽ መጽሔቶች ቀለም የሚያትሙት በእንዲህ ያሉ ነጠብጣቦች ነበር። ሊክተንስታይን ማሽኑ የሚሠራውን በእጁ ሣለው። ሥዕሉ «እኔ ከሕይወት የተቀዳሁ አይደለሁም፤ ከታተመ ወረቀት የተቀዳሁ ነኝ» የሚል ይመስላል። የት ተቀመጠ? ታላላቅ ሥዕሎች በሚሰቀሉበት ሙዚየም ውስጥ።

እንግዲህ ወርቁ ምንድን ነው? አንዱ አነባበብ እንዲህ ይላል። ዶናልድ ውኃውን አተኩሮ እያየ ሌላ ነገር የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ራሱን ነው። በውኃ ውስጥ የራሱን መልክ አይቶ የወደደውን የግሪኩን ጎልማሳ የናርሲስን ተረት የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። ሌላ አነባበብ ደግሞ አለ። ሚኪ እኛን ተመልካቾቹን ይመስላል። እውነቱን ያያል፤ ግን ይስቃል እንጂ አይናገርም። እናንተስ ጓደኛችሁ ሲሳሳት አይታችሁ በእጃችሁ አፋችሁን ይዛችሁ አታውቁም?

እናቱ ካርቱን ያነበበችለት ልጅ

ሁለተኛው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ነው። ዋርሆል እንደ እናንተ የስደተኛ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር ካለ መንደር ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። እሱ በፒትስበርግ ከተማ በ1928 ተወለደ። ሚኪ ማውስ ታዋቂ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው።

ልጅ ሳለ እጅና እግሩን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያዘውና ለሳምንታት አልጋ ላይ ዋለ። እናቱ ዩልያ አጠገቡ ተቀምጣ ካርቱን ታነብለት ነበር። እንግሊዝኛዋ የአገሯ ድምፀት ያለው ስለነበር ልጁ ሁሉንም ቃል አልተረዳም። ቀለም የሚቀባበትን መጽሐፍ አንድ ገጽ ሲጨርስ ደግሞ ቸኮላት ትሰጠው ነበር። ይህን ሁሉ የተናገረው ካደገ በኋላ ራሱ ዋርሆል ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ በልጅነታችሁ በሰው አገር ቋንቋ፣ ቃሉን እየተቸገሩ፣ መጽሐፍ አንብበውላችሁ ያውቃሉ? ልጅ ሳለን በድምፁ እናፍር ይሆናል። ስናድግ ግን ያ ድምፅ ይናፍቀናል።

ዋርሆል በ1961 መርማሪውን ዲክ ትሬሲን፣ ሱፐርማንንና ፖፕአይን ሣለ። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት የታዩት በሙዚየም አልነበረም። በኒው ዮርክ በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር መስኮት ውስጥ፣ ቀሚስ ከለበሱ አሻንጉሊቶች ጀርባ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄያችን፣ «የት ተቀመጠ?» የሚለው፣ እዚህ ይጠቅመናል። ያው ሱፐርማን በመጽሔት ውስጥ ጀግና ነው። ከሚሸጥ ቀሚስ ጀርባ ሲቆም ግን «ጀግናም ይሸጣል ወይ?» ያሰኛል።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ዋርሆል «አፈ ታሪኮች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቶ አሥር ሥራዎች አወጣ። ሚኪ፣ ሱፐርማን፣ የገና አባት፣ ድራኩላ እና ሌሎችም አሉበት። አፈ ታሪክ ማለት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የቆየ የጥንት ታሪክ ነው። ዋርሆል ርእሱን በመምረጡ ብቻ አንድ ነገር ተናገረ። የጥንት ሰዎች ስለ ጀግኖችና ስለ ጭራቆች ያወሩ ነበር፤ ለአሜሪካ ልጆች ያንን ቦታ የያዙት እነዚህ ናቸው። ከአሥሩ አንዱ ላይ ያለው ደግሞ የራሱ የዋርሆል ፊት ከጥላው ጋር ነው። የስደተኛው ልጅ ራሱን ከሚኪ ጎን አስቀመጠ። «እኔም የዚህ አገር ታሪክ አካል ነኝ» ማለቱ ይሆን? እኔ እንደዚያ አነብበዋለሁ።

ዶላር ላይ የወጣው አይጥ

ኪት ሄሪንግ የዋርሆል ወዳጅ የነበረ ወጣት ሠዓሊ ነው። በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያዎች በነጭ ጠመኔ በሣላቸው ሥዕሎች ታወቀ። በ1986 «አንዲ ማውስ» የተባሉ አራት የኅትመት ሥዕሎች አወጣ። በእነዚህ ሥዕሎች ሚኪና ዋርሆል አንድ ፍጡር ሆነዋል። ጆሮው የሚኪ ነው፤ መነጽሩና የቆመው ፀጉሩ የዋርሆል ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ይህ ፍጡር በዶላር ኖት መካከል፣ የፕሬዚዳንት ፊት በሚሆንበት ቦታ ተቀምጧል።

ምን ተለወጠ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። አይጡ የሰው ፊት አገኘ፤ በገንዘብ ላይም ወጣ። ወርቁ ግን ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ምስጋና ነው። ሄሪንግ ዋርሆልን በጣም ያከብረው ስለነበር ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ሚኪ ጋር አስተካከለው። በሌላ በኩል ጥያቄ ነው። ሠዓሊ ገንዘብ ላይ ሲወጣ ነገሠ ወይስ ተሸጠ? ዋርሆል በዚህ አልተቀየመም። ሥዕሎቹ ላይ ከሄሪንግ ጋር አብሮ ፈርሟል።

ፊቱን የሸፈነው ባልንጀራ

አሁን ወደ ዶሃው የእንጨት ልጅ እየቀረብን ነው። ሠሪው ካውስ በሚል ስም የሚታወቀው ብራያን ዶነሊ ነው። በ1974 በጀርሲ ሲቲ ተወለደ። ወጣት ሳለ ከአውቶቡስ ማቆሚያዎች የማስታወቂያ ፖስተሮችን እያወጣ፣ በላያቸው የራሱን ገጸ ባሕርያት ሥሎ መልሶ ያስቀምጣቸው ነበር። ለካርቱን ፊልሞችም ሠርቷል።

በ1999 «ባልንጀራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠውን አሻንጉሊት በጃፓን አወጣ። ሰውነቱን ስታዩ ሚኪን ታስታውሳላችሁ። ጓንቱና ትልልቅ ጫማዎቹ አሉ። ጭንቅላቱ ግን የራስ ቅል ነው፤ በጆሮዎቹ ቦታ ተሻግረው የተቀመጡ አጥንቶች አሉ፤ በዐይኖቹ ቦታም ኤክስ አለ። በድሮ ካርቱኖች ዐይኑ ኤክስ የሆነ ገጸ ባሕርይ ሞቷል ወይም ራሱን ስቷል። ካውስ ግን ሕያው ሆኖ ለሚቀመጥና ለሚያስብ ፍጡር ሰጠው።

በዐይን መናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታዊ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዐይናቸው እያዩን ይሣላሉ። ክፉዎች ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዐይን ቆጥሮ ደጉን ከክፉው ይለያል። የካውስ ኤክስ ግን እንደዚያ ግልጽ አይደለም። ደግ ነው ወይስ ክፉ? ሞቷል ወይስ ማየት አልፈለገም? መልሱን ለእኛ ትቶታል።

በ2010 የሠራው አንድ ትልቅ ቅርጽ ላይ ባልንጀራው ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል። ሚኪ ሥራው ሰውን ማስደሰት ነበር። ጓንቱም የታየው እጁን እያውለበለበ ሰላም ሲል ነበር። አሁን በዚያው ጓንት ፊቱን ደበቀ። ለእኔ ወርቁ ያለው እዚህ ነው። ሁልጊዜ እንዲስቅ የሚጠበቅበት ሰው ሲደክመው የት ይሄዳል?

አማርኛ ያግዘናል

እናንተ አማርኛ የምትማሩ ልጆች እንዲህ ያለ ሥዕል ለማንበብ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አላችሁ። አማርኛ ስሜትን በሰውነት ክፍሎች መናገር ይወዳል። የካርቱን ገጸ ባሕርያትም ስሜታቸውን የሚያሳዩት በሰውነታቸው ነው።

«አንገቱን ደፋ» ስንል አፈረ፣ አዘነ ወይም ተሸነፈ ማለታችን ነው። «አቀረቀረ» ስንል ራሱን ዝቅ አድርጎ በሐሳብ ወይም በኀዘን ተዋጠ ማለት ነው። «ደረቱን ነፋ» ማለት ኮራ ማለት ነው። «ፊቱ ፈካ» ማለት ደስታው ፊቱ ላይ ታየ ማለት ነው። «ዐይነ አፋር» በሰው ፊት የሚያፍር ነው፤ «ዐይን አውጣ» ደግሞ ምንም የማያፍር ነው። «ቅስሙ ተሰበረ» ማለት ተስፋው ወደቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ ተመለሱ። የሊክተንስታይን ዶናልድ ፊቱ ፈክቷል፤ ግን ተሞኝቷል። ባልንጀራው ዐይነ አፋር ነው ወይስ ቅስሙ የተሰበረ? የዶሃው የእንጨት ልጅስ? አንገቱን ደፍቷል ወይስ አቀርቅሯል? አንዱን ቃል መምረጥ ራሱ ሥዕሉን መተርጎም ነው።

ሁሉም ነገር ተምሳሌት ነው?

አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። አንዳንድ ሰው በየሥዕሉ ምሥጢራዊ መልእክት ይፈልጋል። ቀይ ቀለም ካየ ደም ነው ይላል፤ ሦስት ጣት ካየ ድብቅ ምልክት ነው ይላል። ሚኪ ግን አራት ጣት ያለው በምሥጢር ምክንያት አይደለም። ካርቱን በእጅ በሚሣልበት ጊዜ ጣት መቀነስ ሥራውን ያቀልላል፤ መልኩንም ያሳምራል።

ስለዚህ «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ «በሥዕሉ ላይ ይህን ያልኩት ምን አይቼ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጣታችሁን አንድ ቦታ ላይ መጠቆም ከቻላችሁ አነባበባችሁ መሠረት አለው። ጓደኛችሁ ሌላ ቦታ ጠቁሞ ሌላ ትርጉም ቢናገርም ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ልጄ በዶሃ ያደረገችው ይህን ነው። ምን ቀረ? ፒኖኪዮን የሚያስታውሰው የእንጨት ገላ። ፒኖኪዮ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ከ1881 ጀምሮ የጻፈው ታሪክ ነው፤ ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝም አሻንጉሊት ነው። ምን ተለወጠ? ትንሹ አሻንጉሊት ከሰው በላይ ገዘፈ፤ ግን እንዳጠፋ ልጅ አንገቱን ደፋ። የት ተቀመጠ? ከሁሉም አገር የመጡ ሰዎች፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲሄዱ በሚያልፉበት ቦታ። ርእሱ? «ትንሽ ውሸት»። ካውስ ስለ እኔ ጉንፋን አያውቅም። ልጄ ግን የቅርጹን አንገት፣ ርእሱንና ቦታውን አገናኘች። ውሸቱ ትንሽ ነው፤ ልጁ ግን ግዙፍ ነው። ትንሽ ያልነው ውሸት በእሷ ልብ ውስጥ ምን ያህል አድጎ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

እማማ ምን አሉ?

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ነበር። ልጄ ስልኳን አውጥታ የእንጨቱን ልጅ ፎቶ ለአያቷ አሳየች። እናቴ ፒኖኪዮን አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ።

«ውይ! ይሄን ልጅ ማን ተቆጣው?» አሉ።

«ማንም አልተቆጣውም እማማ፤ ዋሽቶ ነው» አለች ልጄ።

«ማንን ነው የዋሸው?»

ልጄ መልስ አልሰጠችም፤ ወደ እኔ አየች። እኔም የእንጨቱን ልጅ መሰልኩ፤ አቀረቀርኩ። ከዚያም ስለ ቀዶ ሕክምናው ሁሉንም ነገርኳቸው። አሁን ደህና መሆኔንም ነገርኳቸው።

እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ይቆጡኛል ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ታዲያ አጥሚት ማን ሠራልሽ?»

አጥሚት ለታመመ ሰው ወይም ለአራስ የሚዘጋጅ ትኩስ መጠጥ ነው። ጥያቄያቸው ብዙ ነገር ነበረው። «ልጄ ስትታመም አጠገቧ ልሆን ይገባኝ ነበር፤ አንቺ ግን እንዳላውቅ አደረግሽኝ» የሚል ነበረው። እሱም ሰምና ወርቅ ነበር።

«እኔ ሾርባ ሠርቼላታለሁ» አለች ልጄ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» አሏትና ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!» አሉኝ።

በሰው አገር የምንኖር ሰዎች በስልክ «ደህና ነኝ፤ ሁሉ ሰላም ነው» ማለት ልማዳችን ነው። የምንለው ስለምንወድ ነው። ግን ልጆች አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። የተናገርነውንም የደበቅነውንም ይማራሉ።

የዚህ ሳምንት ቃላት

ገጸ ባሕርይ፦ በታሪክ ወይም በፊልም ውስጥ ያለ ሰው ወይም ፍጡር።
ተምሳሌት፦ ሌላ ነገርን ወክሎ የሚቆም ምልክት።
ኅብረ ቃል፦ ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ የያዘ ቃል።
አቀረቀረ፦ ራሱን ወደ ታች አደረገ፤ በሐሳብ ወይም በኀዘን ተዋጠ።
ድምፀት፦ አንድ ሰው ሲናገር የሚሰማ የአነጋገር ቃና።
እንዳይለምድሽ፦ ዳግመኛ እንዳታደርጊው። ለወንድ «እንዳይለምድህ» እንላለን።

የቤት ሥራ

በቤታችሁ፣ በከተማችሁ ወይም በልብሳችሁ ላይ መልኩ የተለወጠ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ፈልጉ። ሦስቱን ጥያቄዎች በአማርኛ መልሱ። ከዚያ ፎቶውን ለአያታችሁ ወይም ለሌላ ትልቅ ሰው አሳዩ። የገጸ ባሕርዩን ስም አትንገሯቸው፤ «ምን የሆነ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሉትን ቃል በቃል ጻፉት። እናንተ ያላያችሁትን ሊያዩ ይችላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ። ቤት ስትደውሉም እውነቱን ንገሯቸው።